ምላጭ ይዞ ማዛጋት

ምላጭ አገጩ ሥር የገባ ሰው አያዛጋም። ያስነጥሳል፣ ያንቀላፋል፤ አንዱ እንዲያውም እየላጨሁት ሊዘፍን ሞክሯል። ያዛጋ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ዲሬክተሩ አዛጉ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ቀድሜ ያዛጋሁት እኔ ነኝ።

ዲሬክተሩ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ኮታቸውን ራሳቸው ይሰቅላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዝም ይላሉ። ጥሩ ደንበኛ ናቸው። የዚያን ቀን ግራ ጉንጫቸውን ጨርሼ፣ አገጫቸውን ቀና አድርጌ፣ ምላጩን ከጉሮሯቸው ወደ ላይ ስስብ ማዛጋቱ መጣብኝ። ከንፈሬን ገጥሜ ልይዘው ሞከርኩ። አልተያዘም። መንጋጋዬ ተላቀቀ። እሳቸው በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። ወዲያው የእሳቸውም አፍ ቀስ እያለ ይከፈት ጀመር። ምላጩን አነሳሁ፤ ግን ትንሽ ዘግይቻለሁ። አገጫቸው ላይ ጠብታ ደም ብቅ አለች።

"ምን ጉድ ነው!" አሉ ቀና ብለው። "ስንት የሚያስተኛ ስብሰባ መርቻለሁ። አንድ ቀን አዛግቼ አላውቅም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ነኝ የጀመርኩት።"

"ምላጭ ይዘህ ታዛጋለህ?"

ሽብ አምጥቼ ቁስሉ ላይ ጫን አደረግሁ። ሽብ ደም ያቆማል፤ ያቃጥላልም።

እንዲህ የሚያደርገኝ የምወስደው ክኒን ነው። ለምን እንደምወስደው ባጭሩ ልናገር። ባለፈው ክረምት አልጋዬ ላይ ወጣሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ በዚያው ቀረሁ። የሞተብኝ ሰው አልነበረም። የታመመ አካልም የለኝም። ብቻ መዞር አቃተኝ። ግድግዳው ላይ ቀለሙ የተላጠ ቦታ አለ፤ ቅርጹ ጫማ ይመስላል። ክረምቱን ሙሉ ያንን ጫማ ሳይ ከረምኩ። ሚስቴ ምግብ ይዛ ትመጣና ከጀርባዬ ተቀምጣ የሰፈሩን ወሬ ታወራልኛለች። ማን እንደ ወለደች፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ። አንዳንዴ "ሰማኸኝ?" ትላለች። እሰማለሁ። መልሱ ግን ከየት ይምጣ?

በመጨረሻ ከወንድሟ ጋር ሆና ደግፋ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። "ድባቴ ነው" አለችኝ፤ ክኒን አዘዘችልኝ። አፍ ያደርቃል፣ ላብ ያመጣል፣ ሆድ ይረብሻል፣ አንዳንድ ሰው ደግሞ ያዛጋል አለች። ማዛጋት እንደ ጉዳት ሲቆጠር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የሚስቴን ፀጉር የምቆርጠው እኔ ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ ሌላ እጅ ነክቶት አያውቅም። እሁድ ጠዋት ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ማድ ቤት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ጫፉን አስተካክላለሁ። ክኒኑን ከጀመርኩ ሰንበትበት ብሎ፣ አንድ ጠዋት ከግድግዳው ዞርኩ። ሚስቴ ሻይ ይዛ ቆማለች። ፀጉሯ ትከሻዋን አልፎ ወርዷል፤ ጫፉ ተሰነጣጥቋል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ምኑ?"

"ፀጉርሽ ነዋ። መቀሱን አምጪ።"

ሻዩን አስቀምጣ አለቀሰች። ስለ ፀጉር እንዲህ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም አልኳት። "ዝም በል" አለችና መቀሱን አመጣች።

ስለዚህ ክኒኑ ባለውለታዬ ነው። ማዛጋቱ ግን አብሮት መጣ። እንቅልፍ የለበትም፣ ድካም የለበትም፤ ልክ እንደ ቀጠሮ እንግዳ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነው፤ ባሰኘው ሰዓት ይገባል።

ፀጉር ቤታችን ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር አላት። ከፊት ረጅም መስታወት አለ፤ ደንበኛው ማጅራቱን እንዲያይ ብዬ ደግሞ ከኋላ ሌላ አሰቅያለሁ። ሁለት መስታወት ፊት ለፊት ሲተያዩ መሀል የቆመ ሰው ተደራርቦ ይታያል። እኔ አንዴ ሳዛጋ ወረፋ ጠባቂው የሚያየው አንድ ሽማግሌ ሲያዛጋ አይደለም፤ ዓይኑ እስከሚደርስበት ድረስ የተሰለፉ ሽማግሌዎች በአንድነት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ይህን አይቶ አፉን ገጥሞ የሚቀመጥ ማን ነው?

ማስቲካ አኘክሁ፤ ማስቲካውን ይዞ ተከፈተ። የአፍ መሸፈኛ አደረግሁ፤ ከሥሩ መንጋጋው ሲወርድ ይታያል። የደንበኛውን ዓይን በሞቀ ፎጣ ሸፈንኩ፤ ድምፁን ሰምቶ አዛጋ። ሬዲዮኑን ከፍ ሳደርገው ዜና አንባቢው ራሱ ያዛጋ መሰለኝ።

የአውቶቡስ ሾፌር የሆነው ደንበኛችን አንድ ቀን ከበሩ ላይ ቆሞ፣ "አባባ፣ ዛሬ ልግባ ወይስ ያዛጋሉ?" አለኝ።

"ግባ።"

"ባለፈው ከዚህ ወጥቼ ተሳፋሪ ጫንኩ። እኔ አዛጋሁ፣ ረዳቴ አዛጋ፣ ከኋላዬ ያሉት አዛጉ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ እናቱ ያቀፈችው ሕፃን ሳይቀር አዛጋ። የእርስዎ ማዛጋት እኮ ያለ ቲኬት አገር አቋርጦ ሄደ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ዲሬክተሩ ከደሙ በኋላ ግን አልሳቅሁም።

ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠራው የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቶንዶስ ይሉታል። በኤሌክትሪክ ከሚሠራው የፀጉር መቁረጫ፣ ከቶንዶሱ፣ ሌላ መሣሪያ ስለማይወድ ስሙን ከእሱ አወጡለት። የዚያን ቅዳሜ ዲሬክተሩ አገጫቸውን ይዘው ሲወጡ ማሽኑን አጠፋና ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ ምላጩን ለእኔ ብትሰጠኝስ?"

"ለአንተ?"

"እስኪሻልህ።"

"አንተ ሣር አጫጅ ነህ። ፊት እና ሜዳ ለየቅል ነው።"

"እኔ ያጨድኩት ሜዳ ደም ወጥቶት አያውቅም።"

ምላጩ ሙያውን ካስተማረኝ ሰው የተቀበልኩት ነው። ጠዋት መሳያው ቆዳ ላይ ስስለው በመንገድ የሚያልፍ ሰው ድምፁን ሰምቶ መከፈታችንን ያውቃል። መቀስ ማንም ይይዛል። ቶንዶሱማ ራሱ ነው የሚሄደው። ምላጩን ካስረከብኩ የምቀረው ፎጣ የሚያጥፍ ሽማግሌ ሆኜ ነው። ወይ ክኒኑ ወይ ምላጩ ነው አልኩ። ለማንም ሳልናገር ክኒኑን ተውኩ።

ሚስቴ ጠዋት ጠዋት ክኒኑን መዳፌ ላይ ታደርጋለች፣ ውሃ ታቀብለኛለች፣ ከዚያ ጉሮሮዬን ታያለች። ጉሮሮ ሲውጥ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ለእኔ የሚነግረኝ የለም፤ እንጀራዬ ነው። ውሃውን እውጥና ክኒኑን በጉንጬ አስቀራለሁ። ፀጉር ቤት ስደርስ የምጥልበት ቸገረኝ። ወለሉን የሚጠርገው ቶንዶስ ነው፤ ቆሻሻው ውስጥ ብጥለው ያየዋል። ስለዚህ ማበጠሪያ የምንዘፈዝፍበት አልኮል ውስጥ ጨመርኩት። አልኮል ሁሉን ያጠፋል ብዬ ነው።

ማዛጋቱ ለቀቀኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዲሬክተሩን እንደ እንቁላል አድርጌ ላጨኋቸው። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱና "እጅህ ተመለሰ" አሉ። ቶንዶስን በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። ሥራ የበዛበት መስሎ አንድ ራሰ በራ ሰው ይከረክማል።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ ኮረንቲው መጣ። አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ባዶ ሽቦ የነካሁ ይመስል ጭርር ይላል። አንገት ሳያዞሩ ፀጉር መቁረጥ ደግሞ አይቻልም፤ በደንበኛው ዙሪያ ራሴን ሳይሆን መላ አካላቴን እንደ ቁም ሳጥን ማዞር ጀመርኩ። ከዚያ ለቅሶው መጣ። ሾፌሩን እየላጨሁ ነው። ዳገት ላይ ጎማ እንደ ፈነዳበት፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እንደ ገፋ ያወራኛል። እንባዬ አረፋው ላይ ጠብ አለ።

"አባባ?" አለ በአንድ ዓይኑ እያየኝ። "ጎማው እኮ ተቀየረ!"

"አውቃለሁ።"

"የሞተ ሰው የለም እኮ።"

"ዝም በል፣ ልቆርጥህ ነው።"

ከለቅሶው ቀጥሎ ቁጣው መጣ። አንድ ጎረምሳ በስልኩ የአንድ ኳስ ተጫዋች ፎቶ አሳየኝና "እንደዚህ አድርገኝ" አለኝ። "መጀመሪያ የሰውዬውን ጭንቅላት አምጣ" አልኩት። ጨርቁን ከአንገቱ ፈቶ ወጣ። ቶንዶስ እስከ መንገዱ ተከትሎ ይቅርታ ጠየቀው።

ሲመለስ ማበጠሪያ ሊያነሳ እጁን ዘረጋና ቆመ።

"ጋሼ፣ አልኮሉ ለምንድን ነው ሮዝ የሆነው?"

"ማበጠሪያው ቀለም ለቆ ይሆናል።"

"ማበጠሪያዎቹ ጥቁር ናቸው።"

በማበጠሪያ ጥርስ ከብርጭቆው ሥር ግማሹ የሟሟ ሮዝ ክኒን አወጣ። ብርሃን ላይ ይዞ ብዙ አየው።

"እኔ ደግሞ ሰሞኑን ማበጠሪያዎቹ ለምን ደስ ደስ አላቸው እላለሁ" አለ።

"ለእህትህ ትነግራትና!"

"አልነግራትም።" ክኒኑን በወረቀት ጠቀለለው። "ግን ጋሼ፣ ማበጠሪያዎቹ ድባቴ የለባቸውም።"

እሁድ ጠዋት ሚስቴ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እኔ አልጋው ላይ ነኝ። መቀሱ የት እንዳለ አውቃለሁ። ተነስቶ እስከዚያ መሄዱ ግን ተራራ ሆነብኝ።

"ሌላ ቀን" አልኳት።

"እሺ" አለች።

ፎጣውን ግን አላወረደችም። ድንች ላጠች፣ ወለል ወለወለች፣ ልብስ አሰጣች፤ ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነው። ጎረቤት መጥታ "ምነው?" ብትላት "ተራ እየጠበቅሁ ነው" አለቻት። አልጋው ላይ ሆኜ ሰማሁ፣ ሰምቼም ዞርኩ። ጫማው እዚያው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ሳለ ሚስቴ ገባች። ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነው። በመንገድ እንዲያ ሆና መጥታለች። ወረፋ ጠባቂዎቹ መጨረሻ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ይቅደሙ" አለ ሾፌሩ ብድግ ብሎ።

"ተቀመጥ፣ ልጄ። ተራዬን እጠብቃለሁ።"

ሰው ሁሉ ቶሎ ቶሎ ተስተካክሎ ለመውጣት የቸኮለ መሰለ፤ ተስተካክሎ የወጣ ግን የለም። ሁሉም በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ተራዋ ደረሰ። ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። መቀሱን አነሳሁ። ፀጉሯን በጣቶቼ መሀል ያዝኩ። እጄ አልሄደም። ቀና ስል በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው፤ ከኋላ ባለው መስታወት የተነሳም አንድ ሚስት ሳትሆን ተሰልፈው የሚያዩኝ ሚስቶች ናቸው።

"ክኒኑን ትተሃል" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"ፀጉሬ።"

"የሚወስዱት ማበጠሪያዎቹ ናቸው" አለ ቶንዶስ ሳያስበው።

ቀስ ብላ ዞረች። "አንተም ታውቃለህ?"

"እታለም፣ እኔ..."

ፎጣውን ከትከሻዋ አውጥታ ጀርባው ላይ አሳረፈችበት። አንዴ ብቻ አይደለም። ማሽኑ ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ እያንጫረረ ዞረ። ስትጨርስ ፎጣውን መልሳ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወንበሩ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች።

"ምላጭ ይዤ እንዴት ላዛጋ?" አልኳት ዝቅ ባለ ድምፅ። "የሰው ጉሮሮ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ለጀርባህ ሳወራ ከርሜያለሁ። የሚያዛጋ ሰው ፊት አለው። ጀርባህ ፊት የለውም።"

ሾፌሩ አፍንጫውን ጠረገ። ጎማ ፈንድቶበት ያላለቀሰ ሰው ነው።

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣችኝም።

"መድኃኒቱን ማቆም ይፈልጋሉ፣ አባት?"

"ማቆም የምፈልገው ማዛጋቱን ነው።"

"ኮረንቲውም ቁጣውም ድንገት ስለተዉት ነው።"

"ለጎማ ማልቀሱስ?" አለች ሚስቴ።

"እሱም ሊሆን ይችላል።" ሐኪሟ ስለ ጎማው አልጠየቀችም። መጠኑን ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል፣ በጠዋት ፈንታ ማታ መውሰድ እንደሚቻል፣ ካልሆነም ሌላ ዓይነት መሞከር እንደሚቻል ነገረችን። "አንድ ቀን ማቆም ቢያሰኝዎት አብረን ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን። አሁን ግን ገና ነው ባይ ነኝ። ውሳኔው የእርስዎ ነው።"

"ቀንሼም ማዛጋቱ ሙሉ በሙሉ ባይተወኝስ?"

"ዋስትና አልሰጥዎትም። ማዛጋት ማለት..." ብላ ልታስረዳኝ ስትጀምር እጇን አፏ ላይ ጫነች። አዛጋች። ሚስቴም ተከተለቻት። ክፍሉ ውስጥ ያላዛጋሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ ነው የሐኪሟን የግንባር ፀጉር ያስተዋልኩት። በግራ በኩል አጥሯል።

"ፀጉርሽን ማን ነው የቆረጠሽ፣ ልጄ?"

"ራሴ ነኝ።"

"ያስታውቃል።"

ሚስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሐኪሟ ሳቀች።

ቤት ስንገባ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማለች። ምላጩን አሰብኩ። ድምፁን አሰብኩ። ፎጣ የሚያጥፈውን ሽማግሌ አሰብኩ። ከሐሳቤ ስነቃ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ያለው ጫማ ላይ ነው። መቼ እንደ ዞርኩ አላወቅሁም። ለካ ሰው የሚዞረው እንዲህ ሳያውቀው ነው።

ተነሳሁ።

"ክኒኑን አምጪ" አልኳት።

"ለመዋጥ ወይስ ለማበጠሪያው?"

"ለመዋጥ።"

ከዋጥኩ በኋላ "አፍህን ክፈት" አለችኝ። ከፈትኩ። ጉንጮቼን በጣቷ ፈተሸች። ይህ ሁሉ ዓመት ስንኖር እንዲያ ተፈትሼ አላውቅም።

አነስ ባለው መጠን፣ ማታ ማታ እየወሰድኩ ከረምኩ። ኮረንቲው ሄደ። ጎማ አያስለቅሰኝም። ማዛጋቱ ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልሄደም፤ መምጫውንም አይናገርም። አንዲት ማዛጋት ብትሆንስ? ለጉሮሮ አንዲቷ ትበቃለች። አንድ ጠዋት ምላጩን ቆዳው ላይ ሳልኩት፣ ጠረግሁት፣ እጀታውን አዙሬ ለቶንዶስ ዘረጋሁለት።

ምላጩን የጠየቀኝ ሰው ራሱ ወደ ኋላ ሸሸ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ሣር አጫጅ ነኝ።"

"ያዘው።"

ፊኛ ነፍቼ አረፋ ቀባሁለትና "ላጨው" አልኩት። ፊኛው ፈነዳ፤ አረፋው ሁለቱንም መስታወት አለበሳቸው። ሌላ ነፋሁ፤ ፈነዳ። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ሰላም ነው ወይ ብሎ መጣ። ቶንዶስ ምላጩን እንደ መጥረቢያ ነው የሚይዘው። ክብደቱን ለምላጩ ተውለት፣ አንተ አትጫነው አልኩት። ከስንት ፊኛ በኋላ አንዱ ሳይፈነዳ ተላጨ። ቶንዶስ ፊኛውን አቅፎ ቆመ። ማን ላይ እንቀጥል ሲለኝ ጨርቁን አንገቴ ላይ አስሬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

"ኧረ ጋሼ፣ እታለም ትገድለኛለች።"

"እጅህ ከተንቀጠቀጠ እኔ እቀድማታለሁ።"

አረፋ ቀባኝ። ምላጩ ከጆሮዬ ሥር ወረደ፤ ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም። በሕይወቴ ከሌላ ሰው እጅ በታች ሆኜ ምላጬን ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነው። አገጬ ሥር ሲደርስ ማዛጋቱ መጣብኝ። ልናገር አልቻልኩም። መንጋጋዬ ገና ሳይላቀቅ ምላጩ ከቆዳዬ ላይ ተነሳ። ቶንዶስ እጁን አየር ላይ ይዞ ቆሞ ይጠብቃል።

አዛግቼ ስጨርስ "በምን አወቅህ?" አልኩት።

"ሊመጣብህ ሲል የአፍንጫህ ቀዳዳ ይሰፋል። ስንት ቀን ሳይህ ከረምኩ።"

አንገቴን ወደ ኋላ ጣልኩለት።

ቅዳሜ ዲሬክተሩ መጡ። ኮታቸውን ሰቀሉ። ምላጩን ቶንዶስ እጅ ላይ ሲያዩ ቆመው ቀሩ።

"እሱ ነው የሚላጨኝ?"

"እሱ ነው።"

"አንተስ?"

"እኔ መቀስ ላይ ነኝ።"

ቶንዶስን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ በማርፈድ ያውቁታል። ብዙ አሰቡና ተቀመጡ። አረፋው ተቀባ፣ ምላጩ ተሳለ። እኔ ከሾፌሩ ጀርባ መቀስ ይዤ ቆሜያለሁ። ከዲሬክተሩ ጋር በመስታወቱ ውስጥ ተያየን።

"እንግዲህ" አሉ ዲሬክተሩ ከአረፋው ውስጥ፣ "ይህ ልጅ እስኪጨርስ ድረስ አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙርልኝ።"

የቶንዶስ እጅ ቆመ።

"ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ" አልኳቸው። "ወደ ግድግዳ አልዞርም።"

ዲሬክተሩ እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አውጥተው ዘረጉ።

"እንግዲያው ፎጣ ስጠኝ" አሉ፤ አጣጥፌ ሰጠኋቸው፤ ዓይናቸውን በገዛ እጃቸው ሸፈኑና አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉ።